ሀረጎን በዜሮ

የሀረጎ ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርሱ የኡመይማ አባት የማርሹን ዘንግ ከዲ ወደ ኤን፣ ወደ ዜሮ፣ ገፋ አደረገው። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ዝቅ አለ፤ ፒካፑ ግን ፍጥነት ጨመረ። ኡመይማ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ምነው? አውሮፕላን ላይ የወጣሽ መሰለሽ እንዴ?» አላት አባቷ ሙሄዲን እየሳቀ።

«አባ፣ ዲ ላይ መልሰው።»

«ለምን ሲባል? ቁልቁለቱ በነፃ እየወሰደን ነዳጅ ላቃጥል? ወንድምሽ ጣሀም ክረምት ላይ መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ ይሄን ነው የምሰጠው። አውቶማቲክ ለልጅ ይቀላል። ሀረጎን ራሴ አሳየዋለሁ፣ ለዐቂል እንዳሳየሁት።»

ከደሴ ፒያሳ የጫኑትን ሳሙናና ብስኩት ሐርቡ ላሉ ሱቆች ሊያደርሱ ነው። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ኡመይማ አብራው ትሄዳለች። ታላቅ ወንድሟ ዐቂል ከሞተ ወዲህ አባቷ ይህን መንገድ ብቻውን መሄድ አይወድም፤ አፍ አውጥቶ ግን አይናገርም።

ዐቂል የሞተው አምና እዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው፣ በአሮጌው ማንዋል ፒካፕ፣ ፍሬን አልይዝ ብሎት። «ማንዋል ነው ልጄን የበላብኝ» ይላል አባቷ። ይህን አውቶማቲክ የገዛውም ለዚያ ነው። «ይሄ ራሱ ያስባል፤ ፍሪሲዮን የለ፣ ጣጣ የለ» እያለ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቷል። ከማንዋል ሌላ የሚጠላው ቢኖር መካኒኩን ጋሽ ኪዳኑን ነው። ፍሬኑን ሳያይ መኪናውን ለልጄ አስረከበው ብሎ፣ ሰውዬው ለቅሶ ሲደርስ ሰው ሁሉ እያየ የዘረጋለትን እጅ ሳይጨብጥ ቀረ። ጋሽ ኪዳኑ ግን ለቅሶው እስኪበተን ድንኳኑ በር ላይ ተቀምጦ ዋለ።

ኡመይማ ግን ታውቃለች። የተሰባበረው መኪና በማግስቱ ጋራዥ ሲገባ ከእናቷ ጋር አብራ ሄዳ ነበር። ጋሽ ኪዳኑ እንባውን በክንዱ እየጠረገ አሳያቸው። የፍሬኑ ቱቦ ደህና ነው፤ ጎማውን የሚይዘው ሸራ ግን በሙቀት ከስሏል። ማርሹ ዜሮ ላይ ነው።

«ማርሽ ውስጥ ቢሆን ሞተሩ ራሱ ይይዘው ነበር» አለ። «ዜሮ ሲሆን ያለው ፍሬን ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጭነት ብቻውን ሲይዝ ይግላል፤ ከጋለ ደግሞ አይይዝም።»

ሀረጎን በዜሮ መውረድ ለዐቂል ማን እንዳስተማረው ሦስቱም ያውቁ ነበር። እናቷ መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ሙሄዲን ይህን ከሰማ አይተርፍም። በአላህ ይዣችኋለሁ፣ እንዳትነግሩት።»

«ጥፋቱ በእኔ ይሁን» አለ ጋሽ ኪዳኑ። በእሱ ሆነ።

ፒካፑ እየፈጠነ ነው። አባቷ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን ያዘ፤ የሚቀጥለው ላይም ያዘ። የተቃጠለ ሽታ መጣ። ከፊታቸው ስሚንቶ የጫነ መኪና እያዘገመ ነበር። አባቷ ፍሬኑን ረገጠ። አልያዘም። ደግሞ ረገጠ።

«ያ አላህ!»

የእጅ ፍሬኑን ጎትቶ መሪውን ወደ ተራራው ጥግ አዞረ። ፒካፑ የጠጠር ክምር ላይ ወጥቶ ቆመ።

ወረዱ። ከፊት ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። አባቷ መኪናውን ዞረው።

«ሻጩም ሌባ፣ መካኒኩም ሌባ! ይሄንንም እንደ ኪዳኑ ያለ ሰው ነካክቶት ነው፣ ወላሂ!»

ኡመይማ እናቷን አሰበች። ከዚያ ጣሀን አሰበች፤ ክረምት እስኪመጣ ቸኩሏል።

«አባ፣ ጋሽ ኪዳኑ ምንም አላጠፋም።»

«ምን አልሽ?»

«የዐቂል ፍሬን ደህና ነበር። ማርሹ ነው ዜሮ ላይ የነበረው። ልክ እንዳሁኑ።»

አባቷ ከጭሱ ወደ እሷ ዞረ። «ማን ነው ያለው?»

«እኔ ራሴ አይቻለሁ።»

«እናትሽ ታውቃለች?»

«ታውቃለች።»

«ኪዳኑም እያወቀ ነው በሬ ላይ የተቀመጠው?»

«አዎ።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። መንገዱ ዳር ቁጢጥ አለና፣ «ገደልከው በይኛ» አለ በቀስታ።

«አላህ ያለው ነው» ልትለው ትችል ነበር። ለቅሶ ላይ ሁሉም ያሉት ይህንኑ ነው። አፏ ድረስ መጣ፤ ዋጠችው። አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ከዚያ አባቷ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። እጁ ዘንጉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«የትኛው ነው?» አለ ሳያያት።

«ኤል፣ ከባዱ ማርሽ። ጋሽ ኪዳኑ ቁልቁለት ላይ እሱ ነው ብሎኛል።»

ሞተሩ እያጓራ ፒካፑ እንደ እግረኛ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። ከኋላ የደረሰ አይሱዙ ክላክሱን አንባረቀባቸው። አባቷ ዞር ብሎም አላየው።

ኮምቦልቻ ከታች ብቅ ስትል፣ «ኡሚ» አላት። «ማወቄን ለእናትሽ አትንገሪያት። ይከብዳታል።»

ኡመይማ የፋብሪካዎቹን ጣሪያ አየች።

«እነግራታለሁ፣ አባ» አለች። «ማታ፣ ጣሀም ባለበት።»