ትንፋሽ የሚቆጥረው ጣት

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ አስተማሪዋም እኔው ነኝ።

ወልድያ ነው። ነርሶችን የምናስተምርበት ክፍል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል... ጨለማ እንኳን አልነበረም።

የዕለቱ ትምህርት በሽተኛን ከርቀት፣ በቪዲዮ ማየት ነበር። ተማሪዬ ትንሳኤ "አባቴን እንያቸው" ብላ ለመነችኝ። አባባ ሀብቴ ግራና በምትባል የገጠር ቀበሌ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሳል ጥሏቸው ከተኙ ሰንብተዋል። እሷም ከሳቸው ሌላ ዘመድ የላትም።

የቀበሌው ጤና ባለሙያ ብርሃኔ ስልክ ይዞ ቤታቸው ይሄዳል፤ እኛ በፕሮጀክተር የክፍላችን ግድግዳ ላይ እናያለን። የዚያ አገር ኔትወርክ ድምፅ ስለሚቆራርጥ አንድ ዘዴ አለን። ብርሃኔ እጁን በሽተኛው ደረት ላይ ያደርግና በሽተኛው በተነፈሰ ቁጥር አንድ ጣቱን ያነሳል።

ቪዲዮው ተከፈተ።

ድምፅ የለም። የአባባ ሀብቴ ደረት ታየን... እላዩ ላይ አንድ እጅ።

"መጀመሪያ ቤቱን ዞር አድርጎ ያሳይሽ። ማን እንዳለ እወቂ" አልኳት ትንሳኤን። ሁሌም የማስተምረው ነው።

ትንሳኤ አንገቷን ደፋች። ጭስ የጠጣ ግድግዳቸውን ጓደኞቿ እንዲያዩባት አልፈለገችም።

"ይቅር ሲስተር... ብርሃኔ እኮ ነው።"

አሳዘነችኝና ተውኩት። ምነው ባልተውኩት!

ጣቱ ተነሳ። ወረደ። ተነሳ።

"ተመስገን፣ ደህና ናቸው!" አለች ትንሳኤ። ፊቷ ፈካ።

ሳራ የምትባል ተማሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ሲስተር... ይሄ የሴት እጅ አይደል?"

ይኼኔ ስልኬ ጠራ። ብርሃኔ ነው።

"ይቅርታ ሲስተር፣ የባጃጁ ጎማ ፈንድቶ ዘገየሁ። ገና አሁን በራቸው ላይ ደረስኩ።"

"በየትኛው ስልክ ነው የምትደውለው?"

"በዚያው በቪዲዮው ስልክ ነዋ! ሌላ ስልክ ከየት አመጣለሁ?"

"ግባ" ብቻ አልኩት።

በሩ ሲጢጥ ሲል በስልኬ ሰማሁ። ግድግዳው ላይ ግን ማንም ሲገባ አልታየም።

"ሲስተር..." ድምፁ ወረደ። "አባባ አርፈዋል። ሰውነታቸው ቀዝቅዟል፤ ቆይቷል። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።"

ለትንሳኤ ምን ብዬ እንደነገርኳት አላስታውስም። አላለቀሰችም። እኔም አላለቀስኩም። ማደንዘዣ እንደተወጋ ሰው ደንዝዘን ቀረን።

ጣቱ ግን አሁንም ይነሳል... ይወርዳል።

"ታዲያ... የማንን ትንፋሽ ነው የሚቆጥረው?" አለች ሳራ።

ትንሳኤ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል ትንፋሿን ያዘች።

ጣቱ ቆመ።

"ተንፍሺ" አልኳት። "ልጄ... ተንፍሺ!"

በረጅሙ ተነፈሰች።

ጣቱም ቀስ ብሎ ተነሳ።