በክንድ የሚሞላው ሰዓት

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ከተማው በቀትር ሙቀት በሩን ዘግቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ወሰንየለህ ጣሪያው ከፍ ባለ አሮጌ ቤት ሳሎን ተቀምጦ የሚገዛውን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። የመስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያዎች ተከድነው ክፍሉ እንደ ጓዳ ጨልሟል። ሳሙናና የወንድ ላብ ይሸታል። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ ስህን ከውስጠኛው ክፍል መጋረጃውን ገልጠው ወጡና በመሀረብ የተጠቀለለ ነገር አቀበሉት።

“የባለቤቴ ነው” አሉ። “ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል።”

ወሰንየለህ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ። በአንደኛው መዝጊያ ስንጥቅ በምትገባው ቀጭን ብርሃን ሰዓቱን አገላብጦ አየው። ገጹ አዲስ ቀለም አልተቀባም፤ በዕድሜ ብዛት ብቻ የሻይ መልክ ይዟል፤ ሰዓትና ደቂቃ ቆጣሪዎቹም ከገጹ እኩል አርጅተዋል። የጀርባውን ክዳን ሲከፍት ብሎኖቹ መፍቻ ነክቷቸው የማያውቁ ሆነው አገኛቸው። አንድም የተለወጠ ዕቃ የለውም። ስንት ዓመት ሙሉ ሲፈልገው የኖረው ዓይነት ነው። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይ አጎንብሶ ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠ፤ ያን ጊዜ ነው ሰዓቱ እየሠራ መሆኑን ያስተዋለው።

ይህ ሰዓት በባለቤቱ ክንድ እንቅስቃሴ የሚሞላ ነው። አውልቀው ካስቀመጡት ሁለት ቀን እንኳ ሳይሞላ ይቆማል።

“እማማ፣ ማን ነው የሚያደርገው?”

“ልጅ የለኝ፣ ዘመድ የለኝ። ማን ያደርገዋል?”

“እየሠራ ነው እኮ።”

“አዎ” አሉ ወይዘሮ ስህን።

ክዳኑን መልሶ ገጠመና የቆዳ ማሰሪያውን ዳሰሰ። ረጥቧል፤ ለብ ያለ ነው፤ ከገባ ጀምሮ የሸተተው ላብም እዚህ ላይ አለ። ፋብሪካው ከበሳቸው ቀዳዳዎች ወዲያ ሌሎች በምስማር ተበስተዋል። እያንዳንዱ ከቀደመው ይበልጥ ክንድን የሚያጠብቅ ነው፤ የመጨረሻው አሁንም የቆዳው ፍርፋሪ አልረገፈለትም። ማሰሪያውን እዚያ ላይ ቆልፎ ቢያየው ሁለት ጣት ብቻ አስገባ። ሥጋ ያለው ክንድ አይገባበትም።

“እየላላበት ይቸገራል” አሉ ሴትዮዋ ዝቅ ባለ ድምፅ። “ምን ላድርግ፣ እበሳለታለሁ።”

ከመጋረጃው በስተጀርባ የሽቦ አልጋ ሲጢጥ አለና ዝም አለ። ወሰንየለህ ተነስቶ መውጣት እንዳለበት አውቋል፤ ግን ሰዓቱን ከእጁ ማስቀመጥ አቃተው።

“ሌላ ሰውም አለ እንዴ ቤት ውስጥ?”

“አድርገህ ሞክረው፣ ልጄ። ሳይለኩ አይገዛም።”

እምቢ ሊል ሲል ሰዓቱን ተቀብለው ራሳቸው አሰሩለት። ጣቶቻቸው ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ከቆለፉለትም በኋላ እጁን አልለቀቁትም። አውራ ጣታቸውን የደም ሥሩ ላይ አሳርፈው፣ እሱ ቅድም ሰዓቱን ሲያዳምጥ እንደነበረው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

አልጋው እንደገና ሲጢጥ አለ። የደረቁ እግሮች ሲሚንቶውን ሲነኩ ተሰማ። ከዚያም ከመጋረጃው ወዲያ አንድ የተዳከመ የወንድ ድምፅ ጠየቀ።

“ደህና ነው? ያልተነካካ ነው?”

ወይዘሮ ስህን ሰዓቱን አላዩትም፤ የወሰንየለህን ክንድ ወደ ብርሃኑ አገላብጠው አዩና፣ “ደህና ነው፤ ገና ትኩስ ነው” አሉ።