በየዓመቱ የምትሞተው ሴትዮ

ፋና ለአራተኛ ጊዜ ሞተች።

የአሁኑ አሟሟቷ ከሦስቱም የባሰ ነበር። መጀመሪያ ደረቷን ይዛ ክፉኛ ሳለች፤ ቀጥላ ዐይኖቿን ገለበጠች፤ ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያዛት አንድ እግሯን ሁለት ጊዜ አወራጨችና የተከናነበችው ጋቢ ውስጥ ጸጥ አለች። ከዐይኖቿ ሥር የተቀባችው ከሰል በላብ ወርዶ ጉንጮቿን አበላሽቷቸዋል። ልምምዱን ከኋላ ተቀምጠው የሚያዩት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

ሰብሌ አልሳቀችም። የድራማው ተራኪ እሷ ስለሆነች ማይክሮፎኑን ይዛ ከመድረኩ ጥግ ቆማለች። የተሰጣት ወረቀት ላይ ያለውን ማንበብ ነበረባት፤ አነበበችው። «ወገኖቼ፣ ኤድስ ማለት ሞት ነው። ይህች እናት በሽታው አንዴ ከያዛት በኋላ ሊያድናት የቻለ አልተገኘም። ልጇም ያለ አሳዳጊ ቀረ።»

«አሁን ልጁ ይግባ፤» አሉ አቶ ምሥጋናው።

አቶ ምሥጋናው ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የመጡ የኤችአይቪ ባለሙያ ናቸው። ኅዳር በገባ ቁጥር ሞተር ሳይክላቸውን አስነሥተው ከች ይላሉ፤ ኅዳር ሃያ ሁለት የዓለም ኤድስ ቀን ነውና ትምህርት ቤቱ ድራማ ማቅረብ አለበት። ድራማውን ከእሳቸው በፊት ቦታው ላይ ከነበሩት ሰውዬ ነው የወረሱት። አንድ ቃል ተቀይሮ አያውቅም። የሚቀየረው የምትሞተው ተማሪ ብቻ ናት።

የሟቿን ልጅ ሆኖ የሚሠራው አዳም ነው። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን የተመረጠውም ከእኩዮቹ ሁሉ ትንሽ ስለሚመስል ነው። ጋቢው አጠገብ ተንበርክኮ «እናቴ፣ ለማን ትተሽኝ?» አለ። ከዚህ ሌላ የሚናገረው ነገር የለውም፤ የቀረው ማልቀስ ብቻ ነው። አለቀሰም። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ «በቃ» ከተባለ በኋላ እንኳ ማቆም አቃተው። ሟቿ ፋና ራሷ ግራ ገብቷት ከጋቢው ሥር አንድ ዐይኗን ገልጣ አየችው።

«አክተር ማለት እንዲህ ነው፤» አሉ አቶ ምሥጋናው በደስታ እያጨበጨቡ። ልጆቹም አብረው አጨበጨቡ።

ሰብሌ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ድራማው አንጀቷን ያሳርራት ነበር፤ ለምን እንደሚያሳርራት ግን ለማንም መናገር አትችልም። ቫይረሱ ከተወለደች ጀምሮ በደሟ ውስጥ አለ፤ ከእናቷ ነው የተላለፈባት። ማታ ማታ ራት ሲነሣ እናትና ልጅ አንድ አንድ ክኒን ይውጣሉ፣ ከላዩ ውሃ ይጠጣሉ፣ ከዚያ ሰብሌ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ባለፈው ደሟ ደሴ ተልኮ ሲመረመር ቫይረሱ በመሣሪያ እንኳ እስከማይታይ ድረስ አንሷል ተብላለች። በሩጫ ከስምንተኛ ክፍል ሴቶች የሚቀድማት የለም። ታዲያ ደረቷን ይዛ እየሳለች የምትሞት ሴትዮ በየዓመቱ ቆሞ ማየት ማንን አያናድድም? ድራማው ውስጥ መድኃኒት የሚባል ነገር አንዴም አይነሣም። መድኃኒቱን ለየጤና ጣቢያው የሚያደርሰው ደግሞ ራሱ የአቶ ምሥጋናው መሥሪያ ቤት ነው።

ቅዳሜ ሰብሌ ወደ ላሊበላ ወረደች። በእነሱም ከተማ ጤና ጣቢያ አለ፤ መድኃኒቱም አለ። እናቷ ግን እዚያ እንዲታዩ አትፈልግም። መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት አላት፤ ወሬው ከተሰማ ቦንቦሊኖዋን የሚገዛት እንደማይኖር ታውቀዋለች። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ይወርዳል፤ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቷ ወንበር ላይ አዳምና አያቱ ተቀምጠው ነበር። አያቱ ዘወር ብለው ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት። ደብተር ልገዛ ነው አለች። እሳቸውም እኛ ደግሞ ጨው ልንገዛ ነው አሉ። አዳም መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ጤና ጣቢያው ስትደርስ ጨው ገዢዎቹ ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ ወረፋ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰብሌ ሻርፗን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ከግድግዳው ጥግ ቆመች። ተጠርተው ገብተው፣ ተመልሰው እስኪወጡ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም። አላዩዋትም።

ሲስተር ጀውሀራ መድኃኒቷን ከሰጠቻት በኋላ እንደ ወትሮው ከሰዓት በኋላ ስለሚደረገው የወጣቶች ስብስብ አነሣችባት። እንደ እሷ መድኃኒት የሚወስዱ ልጆች የሚገናኙበት ነው። ሰብሌ አንድም ቀን ገብታበት አታውቅም፤ አሁንም መኪና ያመልጠኛል አለች።

«ዛሬ እንኳ ቆዪልኝ፣ ሰብልዬ፤» አለች ሲስተር። «አንድ ትንሽ ልጅ አለ። የሚውጠው ለምን እንደሆነ የተነገረው በቅርቡ ነው። ከዚያ ወዲህ ጉንጩ ውስጥ ደብቆ ይተፋዋል። መሞቴ ላይቀር ምን ያደርግልኛል ነው የሚለው። እኔ ብነግረው ነጭ ጋዋን ነኝ፣ አያምነኝም። እንዲህ እንደ ድንጋይ የጠነከረች ልጅ ብትነግረው ግን...»

«ልጅ ነው፣ ሲስተር። ልጅ ያወራል።»

«ስሙን አልነግርሽም፤ ያንቺንም አልነግረውም። ፈቅደሽ ከመጣሽ ብቻ ነው።»

«አልመጣም፤» አለች ሰብሌ። ሲስተርም አላስጨነቀቻትም።

ልጁ ማን እንደሆነ ባታውቅ ኖሮ በወደደች። ኮሪደሩ ላይ የነበረው ልጅ ግን አንድ ብቻ ነው። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ያ የልምምዱ ልቅሶ ጆሮዋ ውስጥ ነበር። አዳም እየሠራ አልነበረም። ጋቢው ሥር የተኛችውን ሴትዮ ሲያይ ነገ እኔም እንዲህ ነኝ ብሎ ነው ያለቀሰው። ሰው ሁሉ ደግሞ አጨበጨበለት። እሷ ደግሞ በማይክሮፎን ኤድስ ማለት ሞት ነው ብላ አነበበችለት። ከአቶ ምሥጋናው ይልቅ በራሷ ተናደደች።

ሰኞ ልምምዱ ሳይጀመር አቶ ምሥጋናውን ሞተር ሳይክላቸውን ሲያቆሙ አገኘቻቸው።

«ሴትዮዋ ባትሞትስ?» አለቻቸው። «መድኃኒት ጀምራ ብትድንስ... ማለቴ፣ ደህና ብትሆንስ? መድኃኒት አለ አይደል?»

አለ አሉ። እሳቸውም በሚገባ ያውቃሉ። ግን ሰው ካልደነገጠ አይሰማም፤ የዛሬ ወጣት መድኃኒት አለ ብሎ ተዘናግቷል፤ ቀኑም ደርሷል፤ ጥሪው ተበትኗል። አንድ በአንድ ዘረዘሩላት። እሺ፣ አዳም እንኳ ይቀየር፣ ልጁ በጣም ነው የሚያለቅሰው አለቻቸው። እሱ ከወጣ ድራማው ምን ቀረው አሉ። ከዚያ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩዋት።

«ቆይ ግን፣ አንቺ ለምንድነው እንዲህ የተቆረቆርሽው?»

ሰብሌ እንዲሁ ነው ብላ ከአጠገባቸው ሸሸች።

ፋናም አልተሻለችም። «አታካብጅ አቦ፤» አለቻት። «እኔ ካልሞትኩ ምን ልሠራ ነው መድረክ ላይ? ይኼን ሁሉ ቀን የሳልኩት ለምኔ ነው?» ማታ ለእናቷ ስትነግራት ደግሞ እናቷ ነገሩን ተይው አለች፤ ሰው አንዴ ከጠረጠረ የሚመለስ ነገር የለም። ሰብሌ እናቷ ልክ እንደሆነች ታውቃለች። ልክ መሆኗም ያናድዳል።

ኅዳር ሃያ ሁለት የትምህርት ቤቱ ግቢ ግጥም አለ። ወላጆች መጥተዋል፤ የቀበሌ ሰዎች ከፊት ወንበር ይዘዋል፤ አቶ ምሥጋናው ከረባት አስረው ከመካከላቸው ተቀምጠዋል። አዳም ከመጋረጃው ኋላ ከሰብሌ ጎን ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። ገና ሳይገባ ዐይኑ ቀልቷል። ትናንት አያቱ ሻይ ቤት ድረስ መጥተው ልጁ እህል አልበላ አለኝ ብለው እናቷን ሲያማክሩ ሰምታለች።

ፋና ሳለች፣ ዐይኗን ገለበጠች፣ እግሯን አወራጨች፤ ሞተች። እናቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አዳም ገብቶ ተንበረከከ። የቀረው የሰብሌ ንባብ ነው።

«ወገኖቼ፤» አለች። ድምፅ ማጉያው ጮኸና ተረጋጋ። ወረቀቱን አየችው፣ አዳምን አየችው። ከዚያ በላይ ትዕግሥት አልነበራትም።

«ሴትዮዋ አልሞተችም፤» አለች። «ተኝታ ነው።»

ወረቀቱን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

«ታማ ነበር። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ መድኃኒት ሰጧት፤ በነጻ ነው የሚሰጡት። በየቀኑ ትውጣለች። ስለዚህ አሁን ትነሣለች።»

ጋቢው አልተነሣም። ከውስጡ ግን የፋና ድምፅ «ሞቻለሁ እኮ» ሲል ከፊት የተቀመጡት ሰሙት፤ ሳቅ ጀመሩ።

«ተነሽ፤» አለች ሰብሌ። ማይክሮፎኑ አሁንም አፏ ላይ ነበር። «ልጅሽ ይጠብቅሻል።»

ፋና ጥቂት አሰበች መሰል። በመጨረሻ ጋቢውን ገፍፋ በከሰል በተለቀለቀ ፊቷ ብድግ አለች። እሷ ደግሞ ሳቅ ካየች የማትለቅ ልጅ ናት፤ ተንጠራራች፣ ወገቧን ይዛ ዙሪያውን አየችና «ራበኝ፣ ምን አለ?» አለች። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። አዳም አፉን ከፍቶ እንደተንበረከከ ቀረ፤ የሚያለቅስበት ነገር አጣ። ፋና እጁን ይዛ ከመድረኩ አወጣችው።

አቶ ምሥጋናው ሰብሌን ከመድረኩ ኋላ ይዘው በደንብ ተቆጧት። እንግዳ ፊት አዋረድሽኝ አሉ፤ ድራማ እንደ ፍላጎት የሚቀየር ነገር አይደለም አሉ፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር ምን እንደሚሉ ጨነቃቸው። ሰብሌ መሬት መሬት እያየች አዳመጠች። ሲደክማቸው ከረባታቸውን አላሉና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ትምህርታዊ ድራማ ቀርቧል ነው፤» አሉ። «ማን ሞተ፣ ማን ተነሣ አይልም። ለከርሞ ግን አስቀድመሽ ጽፈሽ ታሳዪኛለሽ።»

ይኸው፣ ደግሞ ሥራ ጨመሩባት።

ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ሰብሌ እጇን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች። አዳም እዚያ ቆሞ ነበር። ቧንቧውን ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። የሚጠብቀው እሷን እንደሆነ ያስታውቃል።

«ሴትዮዋ የእውነት ብትሆን ኖሮ ትሞት ነበር አይደል?» አላት ሳያያት።

«መድኃኒቷን ከዋጠች አትሞትም።»

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ነበር። መጽሐፍ ላይ አነበብኩ ማለት ትችላለች፣ ሳይንስ መምህሩ ነገሩን ማለት ትችላለች። ግን እንደዚያ ያለውን ሁሉ ሲስተር ጀውሀራ ነግራዋለች፣ አላመነም። ሰብሌ ዙሪያውን ቃኘች። ግቢው ውስጥ ወንበር ከሚሰበስቡት ልጆች በቀር ማንም የለም፤ እነሱም ሩቅ ናቸው። የእናቷ ሻይ ቤት፣ መናኸሪያው፣ የሰው አፍ ሁሉ ትዝ አላት። ፈራች። በጣም ፈራች።

«እኔም እውጣለሁ፤» አለችው። «ከተወለድኩ ጀምሮ።»

አዳም ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። ሰብሌ ምነው ባልተናገርኩ ማለት ጀመረች። ለማንም ብትናገር አልምርህም ልትለው አፏን ስትከፍት ቀደማት።

«አንቺስ ጉሮሮሽ ላይ አትቀርብሽም?»

«ምኗ?»

«ክኒኗ። እኔ ላይ ትቀራለች፤ ከዚያ ትመረኛለች።»

ሰብሌ ቧንቧውን ዘጋችበት። የመጣባት ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቀችም፣ ግን ዋጠችው።

«ጉንጭህ ውስጥ ስለምታቆያት ነዋ የምትመርህ፤» አለችው እየተቆጣች። «መጀመሪያ ውሃ ጎንጨት ትልና አፍህን ታርሳለህ። ከዚያ ምላስህ መካከል ታደርጋትና በብዙ ውሃ ትውጣታለህ። አታኝካት፣ አታቆያት። ገባህ?»

«በብዙ ውሃ፤» አለ አዳም።

«አዎ። ነገ ጠዋት ሰልፍ ላይ መጥቼ እጠይቅሃለሁ፤ ውሸት እንዳትነግረኝ።»