የመምህር ገብሩ የቀትር ጥላ

ነፋሱ መጀመሪያ ተራራውን ዋጠ፤ ቀጥሎ የእግራቸውን ዱካ። እታፈራሁ ዞር ስትል አሁን የወረዱበት ጥቁር አለት የለም። አሸዋው እንደ ጭጋግ መሬት ለመሬት ይሮጣል። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠምጥማ የዘምዘምን እጅ ያዘች።

«እዚያ ዛፍ ሥር» አለች።

ሁለቱ ሴቶች ሻርጃ በረሃ የገቡት ለአንድ ዛጎል ነበር፤ ዘምዘም ተራራው ላይ አግኝታው አሁን ኪሷ ውስጥ ነው። የእታፈራሁ ባል መምህር ገብሩ ሐይቅ ከተማ ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሚስቱንና ልጁን ህሊናን ይዞ አገር ሊያይ ይወጣ ነበር። እታፈራሁ ዱባይ ባንክ ተቀጥራ ሻርጃ ቤት ከተከራየች ወዲህ ደግሞ ክረምቱን እሷ ዘንድ ያሳልፍ ነበር። ለተማሪዎቹ «በዚያ በረሃ የባሕር ዛጎል ያለበት ተራራ አለ» ብሎ ነግሯቸው ሳቁበት። አንዱን አምጥቶ የክፍሉ መደርደሪያ ላይ ሊያኖርላቸው ቃል ገባ። ሳያመጣው በጥር አረፈ።

ከሳቁት አንዷ ዘምዘም ነበረች። የሥራ ጉዞ ከታገደ በኋላ በጉብኝት ቪዛ ገብታ ዱባይ፣ አል ዋርቃ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች። አሠሪዋ ማዳም ዛሬ ዓርብን የፈቀደችላት እስከ መግሪብ፣ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ሶላት ነው። ካመሸች ትባረራለች። ከተባረረች ወደ አገሯ ትሸኛለች፤ እገዳው ሳይነሳ ደግሞ መመለሻ የለም።

ያመጣቸው ዘገየ ነው፤ ከዱባይ ዲራ ገበያ ጨርቅ በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ። መኪናው አሸዋ ስለማይደፍር አስፋልቱ ዳር ቀረ። «ወርቅ ፍለጋ በረሃ የገባ ሰምቻለሁ፤ ቀንድ አውጣ ፍለጋ የገባ ግን ዛሬ አየሁ» ብሎ ነበር የሸኛቸው። አስፋልቱ በስተሰሜን ነው። በደቡብ ከአሸዋ በቀር ምንም የለም።

ዘምዘም ዛፉ ሥር ልትቀመጥ ስትል አሸዋው ተላወሰ። ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች ብቅ አሉ።

«አትንቀሳቀሽ ልጄ» አለቻት እታፈራሁ።

ቀንዳሙ የበረሃ እባብ በጎኑ እየተንሸራተተ ከጫማዋ አንድ ስንዝር ርቆ አለፈ። ትንፋሿ ሳይመለስ ከአቧራው ውስጥ ግመሎች ወጡ። ድምፅ የላቸውም። አንድ በአንድ በአጠገባቸው አልፈው፣ በሕልም እንደታዩ ሁሉ መልሰው ጠፉ።

ነፋሱ ቆመ፤ አቧራው ግን አየር ላይ ቀረ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ነጭ ሆና ተንጠለጠለች። ስልኩ በሙቀት ጠፍቷል፤ የቀረው ውኃ ግማሽ ጠርሙስ ነው። ዘምዘም ጭራሮ ሰብራ አሸዋ ላይ ተከለች። ከጣት ያነሰ ፈዛዛ ጥላ ወደቀ።

«በግንቦት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ነው። መምህር በየዓመቱ ሜዳ አውጥተው ያስለኩን ነበር። እንግዲህ ሰሜን በዚህ ነው፣ እትዬ» ብላ ለጥላው ጀርባዋን ሰጥታ ተራመደች።

እታፈራሁ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። አምና ክረምት ገብሩ በረንዳዋ ላይ፣ ላብ አጥምቆት፣ የመጥረጊያ እንጨት አቁሞ ትዝ አላት። «እቴ፣ ነይ እዪ» ብሎ ጠራት። እሷ ከወጥ ቤት «ምሳው ቀዘቀዘ» አለችው። ምን እንዳየ አልጠየቀችም።

ማስታወሻ ደብተሩ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ከጥር ጀምሮ አልከፈተችውም፤ ያመጣችውም ገብሩ ተራራውን ሳይረግጥ እንዳይቀር ብላ እንጂ ልታነበው አልነበረም።

«ቆይ ዘምዘም።»

«ሰዓት የለንም እትዬ። መምህር ተሳስተው አያውቁም።»

ከፈተችው። «አርባ ምንጭ፤ ከእቴና ከህሊና ጋር። ጥላው ወደ ደቡብ። ህሊና ዓሣ አልበላም አለች።» «ጂንካ፤ አውቶቡስ ተበላሸ። ጥላው ወደ ደቡብ። እቴ መንገድ ዳር ዘፈነችልን።» የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፤ ጮክ ብላ አነበበችው።

«ሐምሌ 25፤ ሻርጃ፣ እቴ በረንዳ። ጥላው ወደ ሰሜን። እዚህ አገር የቀትር ፀሐይ በክረምትም በስተደቡብ ናት። እኔ ያስተማርኩት ለሐይቅ ብቻ ነው። ለልጆቹ ይነገር።»

ዘምዘም ተመልሳ ጽሑፉን በጣቷ ነካች።

«ዛሬም አረሙኝ» አለች።

ጥላው ወደሚያመለክተው ዞሩ። አሸዋው ጉልበታቸውን እየዋጠ፣ ተራ በተራ እየተጎነጩ፣ አንዱን ኮረብታ ወጥተው ሌላውን ወረዱ። ውኃው አለቀ። ዘምዘም ሁለት ጊዜ ወደቀች፤ እታፈራሁ ሁለቴም አነሳቻት። ሦስተኛው ኮረብታ ላይ የመኪና ጥሩምባ ሰሙ። ዘገየ ነፋሱ ከተነሳ ጀምሮ ሳያቋርጥ ሲነፋ ነበር።

«ቀንድ አውጣዋ ተገኘች?» አለ። ድምፁ ግን አልሳቀም።

አል ዋርቃ ሲደርሱ የመግሪብ አዛን ገና አልተሰማም። ዘምዘም ከበሩ ፊት ዛጎሉን ከኪሷ አውጥታ እታፈራሁ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«የክፍሉ መደርደሪያ ላይ እርስዎ ያድርሱልኝ። እኔ ከወጣሁ አልመለስም። ከሳቁት አንዷ አገኘችው ይበሏቸው።»

በማግሥቱ ቀትር ላይ እታፈራሁ የመጥረጊያውን እንጨት በረንዳው ላይ አቆመች። ጥላውን አየችው። ከዚያ ደብተሩን ባዶው ገጽ ላይ ከፍታ የትናንቱን ጻፈች።

«ግንቦት 7፤ የዛጎሉ ተራራ፣ ከገብሩና ከዘምዘም ጋር። ጥላው ወደ ሰሜን። ዛሬ ምሳ ቀዘቀዘ፤ ግድ የለም።»