የይኸነው የሸራ ቦርሳዎች

የ2006 ዓ.ም. ሰኔ ነው። ዝናቡ እንጅባራን እንደ ልማዱ ሲቀጠቅጣት፣ አንድ ጭቃ በጭቃ የሆነ ሰው ብስክሌት እየገፋ መጥቶ የልብስ ስፌት ቤቴ በር ላይ ቆመ።

«ለእሷ ቦርሳ ትሰፊያለሽ?» አለኝ።

«ለማን?» ብዬ ከኋላው ሴት ፈለግሁ። እሱ ብስክሌቷን በአገጩ አሳየኝ።

ስሙ ይኸነው ነው። የዳንግላ ልጅ ነው፤ እኛው ከተማ በርና መስኮት ይበይዳል። ክረምቱን ብስክሌቷን ሲያድስና ዕቃ ሲያሟላላት ከርሞ፣ ከመስቀል ማግስት እስከ አርባ ምንጭ ነድቷት ሊመለስ ቆርጧል። ጤነኛ አልመሰለኝም። ግን ሲስቅ ደስ ይላል፤ እሺ አልኩት።

እኔ ሸጋ እባላለሁ። የምታወቀው የፈረስ ልብስ በመስፋት ነው። አባቴ አቶ ቢሻው ፈረሰኛ ናቸው፤ ለጥር የፈረሰኞች በዓል ፈረሳቸው የሚለብሰው ሁሉ የእጄ ሥራ ነው። እና ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ብስክሌቷን እንደ ፈረስ አለበስኳት! የሸራ ቦርሳዎቹን በኋላ ጎማዋ ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጌ፣ ዳር ዳራቸውን በረጅም ቀይ የሱፍ ዘርፍ አስጌጥኩላት። እንዴት አምሮባት ነበር መሰላችሁ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ሊሞክራት ወጣ። ዘንገና ሐይቅ ሳይደርስ ዘርፉ ከኋላው ጎማ ሽቦ ጋር ተጠምጥሞ አስፈነጠረው። ክንዱ ተላልጦ፣ የተበጠሰውን ዘርፍ ይዞ መጣ።

«ፈረስሽ ጣለኝ» አለ እየሳቀ።

«ምን ያስቅሃል? ብትሞትስ ኖሮ?»

«ብሞት ማን ያለቅስልኝ ነበር?»

«እኔ!»

ከአፌ አመለጠኝ። ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ያን ጊዜ እንኳን ዝናቡ ቢጀምር ምን ነበረበት? አልጀመረም።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ለመደ። እሱ በረንዳዬ ላይ ካቴናዋን በነጭ ጋዝ ያጥባል፣ ኩሽኔታዎቿን ፈትቶ ግራሶ ይቀባል፣ ጭቃ የሚከላከል ሰፊ ፓራፋንጎ ይገጥምላታል። እኔ ከውስጥ ቦርሳዎቹን ፈትቼ፣ ሲነዳ ተረከዙ እንዳይነካቸው አሳጥሬ እንደገና እሰፋለሁ። ካቴናዋን ዝገት እንዳይበላት የስፌት መኪናዬን ዘይት ሰጠሁት። አባባ ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩታል።

ነሐሴ ሲያልቅ ጭንቅ ያዘኝ። ቦርሳው ካለቀ ይሄዳል፤ የሄደ ሰው ደግሞ ሊቀር ይችላል። አንድ ቀን መቀሴን አነሳሁና የጨረስኩትን ስፌት ልፈታው ከጀለኝ። ወዲያው በራሴ ተናደድኩ። እኔ ሸጋ ሰው በተንኮል ላስቀር? ሞቼ ነው! መቀሱን ወርውሬ ስፌቱን በድርብ ክር ደገምኩት።

ጳጉሜ ላይ ቦርሳዎቹን ፊቱ አስቀመጥኩ።

«አልቀዋል። ውሃም አያስገቡም።»

አገላብጦ አያቸው። ደስ ያለው አይመስልም።

«ምነው ቶሎ ጨረስሽ?»

«ክረምት ሙሉ ሰፍቼ ቶሎ ይባላል?»

አሁን ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም አልኩ።

«ስማኝ ይኸነው። እወድሃለሁ። አትሂድ አልልህም፤ ሂድ። ግን ከወደድከኝ ሽማግሌ ሳትልክ ከዚህ ከተማ አትወጣም።»

ግራሶ የነካው እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «እወድሻለሁ እንጂ! ፈርቼ ነው ያልላክሁት። አባትሽ ፈረስ ለሌለው ሰው ልጃቸውን ይሰጣሉ?»

«እሱን እሳቸው ይንገሩህ። አንተ ላክ!»

በመስከረም የመጀመሪያው እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። አባባ በአዊኛ ብዙ ጠየቋቸው፤ ስለ ዘሩ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ መንገዱ።

«ፈረስ የለውም» አሉ በመጨረሻ።

«ግን ክረምቱን ሙሉ አይቼዋለሁ። ነፍስ ለሌላት ብስክሌት እንዲያ የሚጨነቅ ሰው ለልጄ አይሰንፍም። ሰጥቻለሁ። ለጥር ሠርግ በጊዜው ይመለስ!»

እልልታዬን በሁለት እጄ አፍኜ ያዝኩት።

ከመስቀል ማግስት ጠዋት እስከ ከተማው ዳር ሸኘሁት። ጭጋግ ነበር። ብስክሌቷ ተወልውላ፣ ቦርሳዎቿን ግጥም አድርጋ ይዛለች። ይኸነው አንድ እግሩን ፔዳል ላይ አድርጎ መሄድ አቃተው።

«ትጠብቂኛለሽ አይደል?» አለኝ።

እንባዬ መጥቶ ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

«ቁጭ ብዬ? ኧረ ጊዜም የለኝ! የሙሽራ ቀሚሴን የምሰፋው እኔው ነኝ። ሂድ፤ ስጨርስ እንዳላጣህ።»