መቶ መጽሐፍ ያቀደችው እናት

የምሠራው በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። መጽሐፍ አውሳለሁ፣ የተመለሰውን ቦታው አስገባለሁ፣ ሽፋኑ የተገነጠለውን አጣብቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰውን «አንብብ» ስል ኖሬአለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ስለዚህ የማወራችሁ ንባብን ለመንቀፍ እንዳልሆነ ከወዲሁ ያዙልኝ። የማወራችሁ የእኔም እጅ ስላለበት አንድ ጥፋት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የንባብ ክበብ አቋቋምን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባላቱ በዓመቱ መጀመሪያ ስንት መጽሐፍ እንደሚያነቡ ያቅዳሉ፤ እኔ ደግሞ ከመግቢያው በር አጠገብ በሰቀልኩት ሰሌዳ ላይ በየስማቸው ትይዩ ቁጥሩን እጽፋለሁ። በየወሩ መጨረሻም ማን ስንት እንደደረሰ አስተካክላለሁ። ሰው ስሙን ሰሌዳ ላይ ሲያይ እንዴት እንደሚተጋ ብታዩ! አሥር ያቀደ ነበር፣ ሃያ አራት ያቀደ ነበር። መቶ ያቀደችው ግን አንዲት ብቻ ናት።

እሷም ከእኛ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራው ፋርማሲስት ናት። መድኃኒት ሰጥታ ዝም የምትል ዓይነት አይደለችም። «ከምግብ በኋላ ነው አባባ፣ እንዳይረሱት» እያለች እስከ በር ትሸኛለች። የደም ግፊት መለኪያዋ ከጠረጴዛዋ ላይ አይጠፋም፤ ፊቱ ትንሽ ጠቆር ያለባትን ሰው ሁሉ «እስቲ እጅጌህን ሰብስብ» ትለዋለች። ባሏ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሚጣ ይላታል።

ባልየው ወሬ አዋቂ ነበር። ፍሪጅ የሚጠግን ሰው የሰው ጓዳ ያያል። ማታ ማታ እራት ላይ የዋለበትን ቤት ሁሉ እያስመሰለ ያወራል። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ «ፍሪጄ ሌሊቱን ሁሉ እያለቀሰ አላስተኛ አለኝ» ብላ ጠርታው፣ ግማሽ ቀን ፈታትቶ ቢያጣው፣ ለካስ የሚያለቅሰው ከጀርባው ሾልኮ የወደቀ ባትሪው ያላለቀ የልጇ አሻንጉሊት ኖሯል። ይህንን ሲያወራ መጀመሪያ ሴትዮዋን፣ ቀጥሎ ፍሪጁን፣ በመጨረሻ አሻንጉሊቱን ይሆናል። ሚጣ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ትንከባለላለች፤ እናትየው እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ሀብታም አልነበሩም፤ ግን እራታቸውን ቶሎ ጨርሰው የሚነሡ ሰዎች አልነበሩም።

መቶ መጽሐፍ በዓመት ማለት በየሦስት ቀን ተኩሉ አንድ ማለት ነው። እሷ ይህን አስልታ ነው የገባችበት። መጀመሪያ አካባቢ ታክሲ ውስጥና በምሳ ሰዓት ታነብ ነበር። ያ አልበቃ ሲላት ድስት ጥዳ ምድጃው አጠገብ ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ድስቱም ማረር ጀመረ። ቀጥሎ መጽሐፉ ወደ እራት ገበታ መጣ። ባልየው በሳቅ ነው የተቀበለው። «ፕሮፌሰር፣ ጨው አቀብይኝ» ይላታል። እሷም ዓይኗን ሳታነሣ ስኳሩን ታቀብለዋለች።

አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጥታ «ጋሼ፣ የልጆች መጽሐፍ ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ።

«ለምን?»

«ማታ ማታ ለሚጣ የማነብላት አለ። እንዲያው ይቆጠር እንደሆነ ብዬ ነው።»

እኔ ደንብ አክባሪው «ከመቶ ገጽ በታች አይቆጠርም» አልኳት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለልጇ ማንበብ እንዳቆመች ያወቅሁት በኋላ ነው።

የባሏ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት፤ እታለም ነው የሚሏት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠይቃቸዋለች። አንድ ቅዳሜ ወንድሟ ሲያወራ፣ ሚስት ስታነብ፣ ልጅቷም ተኮራምታ ስትቀመጥ አየችና አላስቻላትም።

«አንቺ፣ ወንድሜ እኮ ከግድግዳ ጋር ነው የሚያወራው!»

«እሰማዋለሁ እኮ እታለም።»

«ምን አለ እስቲ?»

እሷ ሣቅ ብላ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አደረገች። «ያው የፍሪጅ ወሬ ነው። እሱ ዘንድሮም ከርሞም አይጠፋም። እኔ ግን ዓመቱ እያለቀብኝ ነው። ራሴን ላሻሽል ብል ጥፋት ነው?»

«አንብቢ፤ ማን ከለከለሽ? ሰው ሲያናግርሽ ግን ቀና በይ። ይቺ ልጅ ስታናግርሽ ቀና በይ።»

«ዕቅዴን ስጨርስ ሁላችሁንም እክሳችኋለሁ» አለችና ወደ ገጿ ተመለሰች።

ዓመቱ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ሰባ አራት ደርሳ ነበር። ከሌላው አባል ሁሉ ብትበልጥም ከራሷ ዕቅድ ዘጠኝ መጽሐፍ ወደ ኋላ ቀርታለች። እኔ ደግሞ ጎበዝ ተማሪው እንዳይሰንፍበት እንደሚቆጣጠር አስተማሪ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልክ አንሥቼ ደወልኩላት። «እህቴ፣ ዘጠኝ ወደ ኋላ ቀርተሻል። አሁን ካልበረታሽ ሰሌዳው ላይ ማፈራችን ነው» አልኳት፤ እንደ ቀልድ። «ዛሬ ማታ አንዱን እጨርሰዋለሁ ጋሼ፣ ሙት!» አለችኝ።

የዚያን ምሽት የሆነውን ራሷ ናት የነገረችኝ።

ባልየው ከሥራ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። ሚጣ ከጠረጴዛው ጫፍ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እሱ ጀመረ፤ የዋለው አይስክሬም ቤት ነበር። ሚስት ገጽ ትገልጣለች። ትንሽ እንዳወራ ድምፁ ዝቅ አለ። የሆነ ነገር ተናገረ፤ «እም» አለች። ደግሞ ሌላ ተናገረ።

«እሺ፣ ይቺን ምዕራፍ ልጨርስና» አለችው።

ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ «ግድ የለም ፕሮፌሰር፣ ጨርሺ። ነገ እነግርሻለሁ» አለና ሳህኖቹን አነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር፣ ከተቀመጠበት ወደ ቀኝ ዘመም ብሎ ወደቀ። ስትሮጥ ደርሳ ስታቃናው ግማሽ ፊቱ ወርዷል። ሊያናግራት ሞከረ፤ ከአፉ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። እሷ ፋርማሲስት ናት፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለጋትም። ስትሮክ ነው።

ሆስፒታል ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ጠየቃት። «ከዚህ በፊት ያሳየው ምልክት አለ? የእጅ መደንዘዝ፣ የአፍ መተሳሰር፣ መንገዳገድ?»

«ምንም። ደህና ነበር። ትናንት ማታ እንኳ ሲያወራ ነበር።»

ሚጣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማ ነበር። «እማዬ፣ ነግሮሽ ነበር እኮ» አለች።

ሐኪሙ ብዕሩን አቆመና ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለ። «ምን ብሎ ነበር የኔ ልጅ?»

«ቀኝ እጄን ደንዝዞኝ ፒንሳው አምልጦኝ ወደቀ አለ። አፌም ተሳስሮብኝ አይስክሬም ቤቷ ሴትዮ ሰክረሃል እንዴ አለችኝ አለ። ከዚያ ግን ተወኝ አለ። ምን ይሆን ብሎ እማዬን ጠየቃት። እማዬ ምዕራፍ ልጨርስ አለችው።»

እናትየው የባሏን ወሬ መጀመሪያ የሰማችው ያኔ ነው፤ በሆስፒታል ኮሪደር፣ ከልጇ አፍ።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነበር፤ ቃሉን መርጦ ተናገረ። «ያ ማስጠንቀቂያ ነበር። ወዲያው መጥቶ ቢሆን መድኃኒት እንጀምርለት ነበር፤ ምናልባት ይሄ ባልመጣ። እርግጠኛ ሆኜ ግን ልነግርሽ አልችልም።»

«መድኃኒቱን አውቀዋለሁ» አለች። «በየቀኑ ለሰው የምሰጠው ነው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንን መጽሐፍ ልትመልስ መጣች። መታመሙን ሰምቼ ነበር፤ ዝርዝሩን ግን አላውቅም። «እግዜር ይማርልሽ» ካልኳት በኋላ እጄ እንደ ልማዱ ወደ መዝገቡ ሄደ።

«አትመዝግበው ጋሼ» አለችኝ። ከፊት ለፊቴ ተቀመጠችና እስካሁን ያወራኋችሁን ሁሉ አንድ በአንድ ነገረችኝ። የደወልኩባት ሐሙስ ያው ሐሙስ መሆኑን ሳውቅ የምገባበት ጠፋኝ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኳት።

«አንተ ደወልክ እንጂ ጆሮዬን አልደፈንክብኝም» አለች። «አስበው እስቲ። አንድ የማላውቀው ሰው መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሞ እጄን ደነዘዘኝ ቢለኝ ሱቁን ዘግቼ ሐኪም ጋ እወስደው ነበር። ለማንም ሰው አደርገዋለሁ። ባሌ ነው ያልሰማሁት።»

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከግማሽ ዓመት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። ባልየው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁን ትራስ ላይ አድርገውለታል። ሰው ያውቃል፣ የሚባለውንም ይሰማል፤ መናገር ግን አይችልም። እኔን ሲያይ ፊቱ በራና «እ… እያ… እ…» አለ። ላበው፣ ታገለ፣ አልመጣለትም። ሚስቱ ሮጣ ከፊቱ ተንበረከከች።

«በለኝ፣ እየሰማሁህ ነው። ቀስ በል፣ ጊዜ አለኝ» አለችው።

አያት። እንደገና ሞከረ። ከዚያ በደኅናው እጁ የወንበሩን ክንድ መታና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እታለም መጥታ እጇን ጣል አደረገችበት። ወንድሟን ለማስታመም የልብስ ስፌት መኪናዋን ይዛ እዚያው ገብታለች። ሚስትን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። «ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለችኝ ሚስት፣ ወደ ጓዳ ስንገባ።

ሚጣ ከትምህርት ቤት መጣች። ቦርሳዋን ጥላ አባቷ እግር ሥር ተቀመጠችና የዋለችበትን ታወራለት ጀመር፤ የአስተማሪዋን ድምፅ እያስመሰለች። አባትየው በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። እናትየው ሻይ ይዛ ስትገባ ግን ልጅቷ ዝም አለች። እናትየው መደርደሪያው ላይ ከተቀመጡት የልጆች መጻሕፍት አንዱን አንሥታ፣ ከጎኗ ቁጢጥ ብላ፣ «ላንብብልሽ?» አለቻት።

«አይ፣ ራሴ አነባለሁ» አለች ሚጣ። ቁጣ አልነበረበትም። የለመደች ልጅ አነጋገር ነበር።

ስወጣ እናትየው መጽሐፉን እንደያዘች በር ድረስ ሸኘችኝ። «በየቀኑ እጠይቃታለሁ ጋሼ» አለች። «በየቀኑ አይ ትለኛለች። ነገም እጠይቃታለሁ። ሌላ ምን ላድርግ?»

ሐኪሞቹ የባሏ ንግግር ከዚህ በላይ ይመለሳል ብለው ተስፋ አልሰጧቸውም።

በማግስቱ ሰሌዳውን አወረድኩ። አንዳንድ አባላት ተቆጡ። «ታዲያ ምን ያህል እንዳነበብን በምን እናውቃለን?» አለኝ አንዱ። የሚያነብ ሰው አይጠፋ፣ ዕቅድም ይኑር አልኩት፤ ነገር ግን መጽሐፍ ሰውን ለመረዳት የሚነበብ ከሆነ፣ ሰው ከፊታችን ተቀምጦ ሲናገር አለመስማት ምን የሚሉት ንባብ ነው? በዓመቱ መጨረሻ የሚቆጠር ነገር ስናገኝ የማይቆጠረው ሁልጊዜ የሚኖር የሚመስለን ለምንድን ነው? የእራት ላይ ወሬ፣ የልጅ ጥያቄ፣ «ዛሬ እኮ እንዲህ ሆንኩ» የሚል ቃል፤ እነዚህ ነገ የሚደገሙ ይመስሉናል። ባልየው ራሱም «ነገ እነግርሻለሁ» ነበር ያለው።

ወገኖቼ፣ ዕቅዳችሁን አውጡ፤ መጽሐፉንም ከእኔ ዘንድ ተዋሱ። ግን ከቤታችሁ ሰው አንዱ አፉን ሲከፍት ገጹን እጠፉት። ይህችን ጽሑፍ በምታነቡበት ሰዓትም ከጎናችሁ የሚያናግራችሁ ሰው ካለ፣ እኔን እዚህ ላይ ተዉኝ። የኔ ጽሑፍ አይሄድም፤ እሱን ቀና ብላችሁ ስሙት።