የተሰረዘው ምርጫ

ልጅን «ስታድግ ምን ትሆናለህ?» ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ልማድ ነው። ልጁም እኛን የሚያስደስተው መልስ የትኛው እንደሆነ አሳምሮ ያውቃልና «ዶክተር!» ይላል። እኛም ጉንጩን ቆንጠጥ አድርገን ወደ ጨዋታችን እንመለሳለን። ለመሆኑ የምር ጠይቀን፣ መልሱንም የምር የሰማን ስንቶቻችን ነን? ይህ ታሪክ አንድ ጊዜ የምር ጠይቆ፣ መልሱን በጽሑፍ ተቀብሎ፣ ከዚያ በገዛ እጁ ስለሰረዘ መምህር ነው።

መምህር ነገራ ነቀምቴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ያስተምራል። በዚያ ላይ የሙያ ምክር ተጠሪ ነው። ተጠሪ ይባል እንጂ ሥራው በዓመት አንድ ሳምንት ነበር፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ተማሪዎች ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ እንደሚቀጥሉ የሚመርጡበትን ቅጽ ያድላል፣ ይሰበስባል፣ ፈርሞ ያስረክባል። ለምክር የተሰጠችው ጠባብ ክፍል የተሰበሩ ወንበሮችና የተነፈሱ ኳሶች ተከምረውባት ቁልፏ ጥበቃው ኪስ ውስጥ ይኖር ነበር። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፍለ ጊዜ አያዛንፍም፣ ተማሪ አይሰድብም። ብቻ ጭቅጭቅ አይወድም።

የዛሬ አራት ዓመት አንድ ሥልጠና ተካፍሎ በተመለሰ ሰሞን እንደ መነቃቃት ብሎት በቅጹ ግርጌ አንዲት ጥያቄ ጨመረ፤ «ቀኑን ሙሉ ብትሠራው የማይሰለችህ ሥራ ምንድን ነው?» ተማሪው ሁሉ ዶክተር፣ ኢንጂነር፣ ፓይለት እያለ ሞላ። ኢቢሳ የሚባል ዝምተኛ ልጅ ግን እንዲህ ጻፈ፤ «እንጨት ሥራ። ባኬ ጃማ ሰፈር ከአጎቴ ከኢዶሳ ጋር አልጋና ቁም ሣጥን እንሠራለን። ልኬቱን የማወጣው እኔ ነኝ።» መምህሩ ውጤቱን አወጣና አየ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ከሃምሳ ፈቅ አላሉም፤ ሒሳብ ሰማንያ ስድስት። ልጁን አስጠርቶ ግማሽ ሰዓት አነጋገረው። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ይህንኑ ሥራ በደረጃ እንደሚማር፣ ከበረታም ከዚያ በላይ መቀጠል እንደሚችል አስረዳው። ኢቢሳ ፊቱ በርቶ ወጣ።

በነጋታው እናቱ መጣች። ድርቤ ትባላለች፤ ገበያ ውስጥ ሳፋና ባልዲ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ከዚህ ልጅ ሌላ የሌላት ሴት ናት። ኢቢሳ ከመዋዕለ ሕፃናት በጥቁር ካባ ከተመረቀ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ በስሙ ጠርቶት አያውቅም፤ ዶክተር ነው የሚለው። ቤተ ክርስቲያን ሲጸለይለት እንኳ በዚሁ ማዕረግ ነበር። መምህሩ ስለ ውጤቱ ሊያስረዳት ሞከረ። እሷ ግን መምህር ለማለት በኦሮምኛ «በርሲሳ» እያለች ከአፉ ነጠቀችው።

«በርሲሳ፣ አባቱ የሞተው ሐኪም ቤት ደጃፍ ወረፋ ሲጠብቅ ነው። ይህ ልጅ ሐኪም ይሆናል ብዬ ለአምላኬ ተናግሬያለሁ። እርስዎ አናጢ ሊያደርጉብኝ ነው? ሰፈሩን በምን ዓይኔ ልየው?»

የሚመልሰው ነበረው። አናጢነት ውርደት እንዳልሆነ፣ ኬሚስትሪ ሃምሳ ያመጣ ልጅ ሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ እንደማይደርስ፣ ስለት የሚያስረው የተሳለችውን እናት እንጂ ልጁን እንዳልሆነ፣ ይህ ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር። ግን ደወል ተደውሏል፤ ሌላ ወላጅ ቆሞ ይጠብቃል። «ወላጅ እሷ፣ እኔ ምን አገባኝ» አለ በሆዱ። እስክሪብቶውን አውጥቶ የልጁን ጽሑፍ ሰረዘ፤ በላዩ «ተፈጥሮ ሳይንስ» ብሎ ጽፎ ፈረመ። ማታ ሲወጡ ኢቢሳን በር ላይ አገኘውና እናትህን አታሳዝን አለው። ልጁ እሺ ብሎ ሄደ።

ሁለት ዓመት በግድ ተማረ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ግማሹን እንኳ አላገኘም። ድርቤ ለሰፈሩ «አልፏል፣ ምደባው ነው የዘገየው» አለች። ኢቢሳ አንድ ጠዋት ተነሥቶ ወደ አጎቱ ቤት ሄዶ መላጊያ ያዘ። በሦስተኛው ቀን እናቱ መጥታ፣ ደንበኛው ሁሉ እያየ፣ ክንዱን ይዛ አወጣችው። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ደጅ አልተመለሰም። አንድ የግል የጤና ኮሌጅ አስገባችው፤ ሰባት ወር ሞክሮ ትምህርቱ አልገባው ሲል ተወው። በመጨረሻ ኡኬ በምትባል የገጠር ከተማ መድኃኒት ቤት የከፈተ የሩቅ ዘመድ ዕቃ እንዲሸጥለት ወሰደው።

መሸጥ ብቻ ነበር ሥራው። ግን ነጭ ጋውን ስለሚለብስ ገበሬው ሲያየው «ዶክተር» አለው። የመጀመሪያውን ሳምንት «አይደለሁም» አለ። ሁለተኛውን ሳምንት ዝም አለ። ባለቤቱ ከአካባቢው ሲርቅ መርፌ መውጋት ጀመረ፤ አንዱ ዳነ፣ ሌላውም ዳነ፣ ስሙም ወጣ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታፋ የሚባል ገበሬ በሳልና በትኩሳት የሚቃጠል የሦስት ዓመት ልጁን ታቅፎ መጣ። ጤና ጣቢያው ሩቅ ነው። ኢቢሳ ፔኒሲሊን ወጋው። መጀመሪያ ቆዳው ላይ በጥቂቱ መሞከር እንዳለበት አላወቀም፤ ማን ነግሮት! ልጁ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከንፈሩ ጠቆረ። መኪና ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሲሮጡ አባቱ ትከሻ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ኢቢሳ አልሸሸም። ፖሊስ እስኪመጣ የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

መምህር ነገራ ወሬውን የሰማ ዕለት ክው አለ። ሁለት ሳምንት ሲያመነታ ቆይቶ አንድ እሑድ ማረሚያ ቤት ሄደ። በእንጨት አጥሩ ማዶ የቆመውን ልጅ ሲያየው ምን እንደሚል ጠፍቶት፣ ያን ጊዜ አልፈልግም ብትል ኖሮ ምን ነበር አለው። ኢቢሳ አልተቆጣም።

«ቲቸር፣ እኔኮ ብያለሁ። ጽፌ ሰጥቼዎት ነበር። ምን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሲሰርዙት፣ ለካ ለወጉ ነው የጠየቀኝ ብዬ ተውኩት።»

መምህሩ ሲወጣ በር ላይ ድርቤን ስንቅ ይዛ አገኛት። ከስታ ሌላ ሰው መስላለች። ይሰድበኛል ብላ እንደሁ አንገቷን ደፋች፤ እሱም ትሰድበኛለች ብሎ ደፋ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ልጄን በገዛ አፌ ሐኪም ብዬ ሾምኩት። ግን በርሲሳ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ አላውቅም ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር። ለምን አልተከራከሩኝም?»

ይህች ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችው። በማግሥቱ ቁልፉን ከጥበቃው ተቀብሎ ክፍሏን በራሱ እጅ ጠረገ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሞ የሠራውን ሳይሸፋፍን ተናገረ፤ አንዳንዱ አዘነለት፣ አንዳንዱ ታዘበው። ወላጆች ሆይ፣ እኛም እንስማ። ለልጅ የምናወጣለት ማዕረግ እንጀራ አይሆነውም፤ የማይችለውን አሸክመን ስንሰደው ከሸክሙ ሥር የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም። መምህራንም ሆይ፣ ወላጅን አክብሮ መከራከር የሥራችሁ ግማሽ ነው፤ የምታውቁትን ዋጥ አድርጋችሁ ስትፈርሙ ጠቡን አላስቀራችሁትም፣ ለሌላ ሰው ቤት ነው ያሻገራችሁት።

ዘንድሮ ቅጹ በተሞላበት ሳምንት አንዲት ልጅ ከአባቷ ጋር ወደዚያች ክፍል ገባች። አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ የምትማር ልጅ ናት፤ አሜን ትባላለች። ከምርጫው ሥር የጻፈችው አንድ ቃል ነው፤ «ሐኪም»። መምህሩ የአባቷን ስም ደግሞ አነበበው፤ በኢቢሳ ወሬ ውስጥ ሰምቶታል። አሜን ታፋ፣ ከኡኬ።

ለምን ሐኪም እንደመረጠች ጠየቃት። «ወንድሜን የወጋው ሐኪም አልነበረም» አለች፤ «እኛ አገር እውነተኛ ሐኪም የለም።»

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ግን ዝም አላለም። ወደ አባትየው ዞሮ፣ ልጅዎን የወጋው ልጅ የእኔ ተማሪ ነበር፣ ወደዚያ መንገድ የላከው ፊርማ የእኔ ነው ብሎ ሁሉንም ነገረው። ይቅርታም ጠየቀው። ታፋ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አሜን አለቀሰች።

«ይቅርታውን ዛሬ ልሰጥዎ አልችልም» አለ ታፋ። «የመጣሁት ለዚህች ነው። ትችላለች ወይስ አትችልም? ደስ እንዲለኝ ብለው አይንገሩኝ።»

መምህሩ ውጤቷን አወጣ። ባዮሎጂ ዘጠና አንድ፣ ኬሚስትሪ ሰማንያ ስምንት፣ እንግሊዝኛ አርባ ዘጠኝ። ትችላለች አለ፤ ግን በዚህ እንግሊዝኛ ፈተናውን አታልፍም። ሁለቱን ዓመት እንዴት እንደምትሠራበት ነገራት፤ ነጥቧ ለሕክምና ባይበቃ ደግሞ አዋላጅ ነርስነት፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ እያንዳንዱ ስንት ዓመት እንደሚፈጅና ምን እንደሚጠይቅ ዘረዘረላት። እሷ እየጠየቀች፣ እሱ እየጻፈ፣ የማያውቀውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ» እያለ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ።

ታፋ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ማንበብ አይችልም። ለልጁ መልሶ ሰጣትና ከመጀመሪያው ጀምራ ቀስ ብላ እንድታነብለት ጠየቃት።